ፍርስራሽ የሚያከራየው ሰው

ተረት ተረት።

ንገሪን ከመሠረት።

ጠጋ በሉ እንግዲህ። ዛሬ የምነግራችሁ እንቅልፍ የነሳኝን ነው።

በድሮ ዘመን፣ ሰኞ ገበያ በምትባል ከተማ፣ ደምለው የሚባል ሰው ነበር። አባቱ ሞተና ብዙ ከብት ወረሰ። ከብቱን ሸጦም ከቤት ኪራይ ለመኖር አሰበ። ወንድሙ አዲስ ቤት ሠርተህ አከራይ አለው። ሚስቱ ደግሞ አንድ ደህና ቤት ገዝተህ ለደህና ሰው ብታከራይ ይሻላል አለችው። እሱ ግን ሁለቱንም አልሰማም። የራሱን ዘዴ መረጠ።

ዘዴው ምን መሰላችሁ? የዘመመ፣ ጣራው የተቦደሰ ቤት እየፈለገ በርካሽ ገዛ። ከዚያም እጃቸው ሥራ የሚያውቅ ድሆች እየመረጠ በትንሽ ኪራይ አስገባቸው።

ከነዚህ አንዷ ትርንጎ ነበረች። ባሏ ሞቶባት፣ ጥጥ እየፈተለች ሁለት ሴት ልጆች የምታሳድግ ሴት ናት። ደምለው ቤቱን ሲያሳያት እንዲህ አላት፦

«አንቺ ብቻ አድሺው እንጂ፣ ዕድሜሽን ሙሉ ኑሪበት።»

አመነችው። ጭቃ አቦካችና ግድግዳውን መረገች። ልጆቿ ጭድ ተሸከሙ። ዓመት ሙሉ የፈተለችውን ሸጣ ጣራውን በሣር አስከደነች። ቤቱም ቤት ሆነ።

ምርጊቱ በቅጡ ሳይደርቅ ደምለው መጣ። ዞሮ ዞሮ አየና፣ ለአንድ ነጋዴ በሦስት እጥፍ አከራይቼዋለሁ፣ እስከ እሑድ ውጪ አላት። የሰጣትን ቃል ብታነሳበት፣ ምስክር አለሽ ወይ ብሎ ሳቀ። ሳቀ እኮ ልጆቼ።

ትርንጎ ዳኛ ዘንድ ሄደች። ዳኛው የደምለው አበልጅ ነበር። ግድግዳ ላይ የተለጠፈ ጭቃ የባለቤቱ ነው ብሎ ፈረደባት። እሷም ልጆቿን ይዛ ቤተ ክርስቲያን ደጅ ተጠጋች። እዚያም አንድ ሸማኔ አገኘች። አንዲት ሸክላ ሠሪም ከነባሏ አገኘች። ሲጨዋወቱ ጊዜ ሁሉንም ያባረራቸው ደምለው ሆኖ ተገኘ። ሁሉም በየፍርስራሹ ገብተዋል፤ አድሰዋል፤ ወጥተዋል። ይህን ስትሰማ የትርንጎ እንባ ደረቀና ንዴት ያዛት።

በሰኞው ገበያ መሀል ቆሙና የደረሰባቸውን አንድ በአንድ ተናገሩ። በሚቀጥለውም ሰኞ ተናገሩ። ሰው ሰማ። ከዚያ ወዲያ የደምለውን ቤት የተከራየ ሁሉ አንድ እፍኝ ጭቃ አልጨመረበትም። ጣራው ሲያፈስ ዕቃውን ወደ ጥግ ይገፋል፤ ሲብስበት ለቆ ይሄዳል። ነጋዴውም ክረምት መሀል ወጣ። ደምለው ጭቃ አቡክቶ አያውቅ፣ ሠራተኛ ቢጠራ የሚመጣለት የለ። ቤቶቹ እየተንጋደዱ ወደቁ።

ትርንጎና ጓደኞቿ ግን ከከተማው ዳር ማንም ያልፈለገው ድንጋያማ ቦታ ተሰጣቸውና ጎን ለጎን ጎጆ ቀለሱ። ደምለው እዚያ ድረስ መጣ። የቀረኝን ቤት አድሺልኝ፣ ሁለት ዓመት ያለ ኪራይ ተቀመጪበት ብሎ ለመናት። እሷ ግድግዳዋን እየመረገች ነበር። ዞራም አላየችው።

«ሂድ፤ ጭቃዬ ይደርቅብኛል» አለችው።

ዳኛውስ ምን ሆነ እንዳትሉኝ። ምንም አልሆነም። እስኪሞት ድረስ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ፈረደ። እኔን የሚያንገበግበኝ እሱ ነው።

በሉ፣ ተረቴን ወሰዳችሁ፤ አሁን ድፎውን ቁረሱና ለአፌ ካሡልኝ።