የውብዳርና የክፈፉ ሥር እንግዶች

— ተረት ተረት።
— የላም በረት፣ ጆሯችን ክፍት።

ጆሯችሁ ክፍት ከሆነማ ጠጋ በሉ። አንተ ከበሩ ራቅ በል፣ ነፋስ ይመታሃል። እሺ።

በድሮ ዘመን፣ ከገደል አፋፍ ላይ በተቀመጠ አንድ መንደር፣ የውብዳር የምትባል ልጅ ተዳረች። አባቷ ንብ አናቢ ነበር። እሱ ዛፍ ላይ ወጥቶ ቀፎ ሲሰቅል እሷ ከታች እያቀበለችው ነው ያደገችው። ከአባቷም አንድ ነገር ተምራለች። እሱ የዱር ንብ ቤቷ የት እንደሆነ ሲፈልግ ወዲያ ወዲህ አይልም። ቁጭ ይላል። ንቧ ስትወጣ ያያል፣ ስትገባ ያያል። ከዚያም ተነሥቶ በቀጥታ ይሄዳል። የውብዳርም እንደ አባቷ ነበረች። ቁጭ ብሎ ማየት ታውቅበታለች።

የተዳረችው በጥር ነው። ባሏ ቢተው ጠባየ ለስላሳ ገበሬ ነበር። አማቷ ግን እመት ሽታዬ ይባላሉ። ባላቸው ከሞተ ወዲህ ቤቱን ቀጥ አድርገው የያዙ ናቸው፤ አንዴ ካሉ አሉ ነው፣ ቃላቸው አይታጠፍም። ቤቱም ትልቅ ነው። ክብ ቤት፣ ክዳኑ ሣር፣ ምሰሶው ሁለት ሰው ካልተያያዘ የማይታቀፍ።

ግንቦት ሲገባ በክዳኑ ሥር የሌሊት ወፎች ገቡ። በመጀመሪያ አንድ ሁለት። ከዚያም ብዙ። ሲመሻሽ ከላይ ይንጫጫሉ። ጠዋት የመኝታው ቆዳ ላይ፣ የዱቄቱ ዕቃ ክዳን ላይ ጥቁር ኩስ ይገኛል። ሽታውም ዓይን ያስለቅሳል።

እመት ሽታዬ ለጊዜው ምንም አላሉም። አንድ ቀን የንስሐ አባታቸው መጡና ጠላ ቀረበላቸው። ቄሱ ዋንጫውን አነሡ። ከላይ አንዲት ጥቁር ነገር ጠብ አለችበት። ቄሱም ዋንጫውን ቀስ ብለው አስቀመጡና፦

«ዛሬ ጠላ አላሰኘኝም» አሉ።

እሳቸው ከሄዱ በኋላ እመት ሽታዬ ወደ ልጃቸው ዞሩ። የውብዳር ጥግ ላይ ሆና ትሰማለች። እመት ሽታዬም፦

«ይህ ቤት ሠላሳ ዓመት የሌሊት ወፍ አያውቅም። ዘንድሮ ማን ገባበት? እግረ ደረቅ ገባችበት» አሉ።

ቢተው መሬት መሬቱን አየ። የውብዳር ፊቷ ጋለ። ግን አላለቀሰችም። በልቧ፦ «ወፉ የገባው በእኔ እግር አይደለም። የገባው በቀዳዳ ነው። ቀዳዳውን አገኘዋለሁ» አለች።

ከዚያም በየማታው እንዝርቷን ይዛ ከአጥሩ ሥር ትቀመጥ ጀመር። የመጀመሪያውን ማታ በምሥራቅ በኩል ተቀመጠች፣ ምንም የለም። ሁለተኛውን ማታ በደጁ በኩል ተቀመጠች፣ ምንም የለም። በሦስተኛው ማታ በጓሮ በኩል ተቀመጠችና ጀምበር ስትጠልቅ አየቻቸው። ከክፈፉ ሥር፣ ሣሩ ሸርተት ካለበትና ግድግዳው ከተሰነጠቀበት፣ ሁለት ጣት ከምታስገባ ቀዳዳ ጠብ ጠብ እያሉ ይወጣሉ። ከቀዳዳዋ በታች ያለው ግድግዳ ቅባት እንደነካው ጠቁሯል። የውብዳር አንድ ወፍ በወጣ ቁጥር አንዲት ጠጠር ጭኗ ላይ ትጥላለች። ሲያበቃ ቆጠረች፤ ሥልሳ ሦስት ሆኑ።

ሁሉም ወጥተው እንኳ ከላይ ድምፅ አልጠፋም። ተነሥታ ጆሮዋን ግድግዳው ላይ አደረገች። ቀጭን፣ የጫጩት የመሰለ ድምፅ ሰማች። ልጆች ናቸው።

በማግሥቱ አማቷን አነጋገረች።

«እሜቴ፣ በራቸውን አገኘሁት። መድፈን ቀላል ነው። አሁን ግን ልጆች አሏቸው፣ ገና አይበሩም። ብንደፍነው ልጆቹ ውስጥ ይሞታሉ፣ ቤቱም ከአሁኑ የባሰ ይሸታል። እናቶቹም ልጆቻቸውን ፍለጋ የማይገቡበት ቀዳዳ የለም። አንድ ወር ይስጡኝ። ልጆቹ በርረው ይወጣሉ፣ ያን ጊዜ አንድም ሳይሞት ቤትዎን አጸዳልዎታለሁ።»

«ሰኔ ሚካኤል የማኅበሩ ተራ የእኔ ነው» አሉ እመት ሽታዬ። «ሰው ሁሉ እዚህ ቤት ነው የሚቀመጥ። ለማኅበርተኛው ኩስ ላብላ?»

ቢተውም፦ «እማዬ፣ አንድ ወር እኮ...» ብሎ ጀመረ።

«አንተ ዝም በል።»



ሦስት ቀን አለፈ። በሦስተኛው ቀን፣ ጀምበር ስታዘቀዝቅ፣ የውብዳር ውኃ ልትቀዳ ወረደች፣ ቢተውም እርሻ ነበር። እመት ሽታዬ ብቻቸውን ቀሩ። በገል ፍም አደረጉና በርበሬ ነሰነሱበት። ከዚያም መሰላሉን ምሰሶው ላይ አስደግፈው ወጡ።

የውብዳር እንስራዋን አዝላ ስትመለስ ከሩቅ ሳል ሰማች። ጭሱ በደጁ ይወጣል። እየሮጠች ገባች። ቤቱ በወፍ ተሞልቷል። ብርሃኑና ጭሱ አሳውሯቸው ግድግዳ ለግድግዳ ይላተማሉ። እመት ሽታዬ ከመሰላሉ ሥር ተቀምጠው ነጠላቸውን ራሳቸው ላይ ተከናንበው ያስላሉ። ገሉ ከእጃቸው አምልጦ ተሰብሯል፣ ፍሙም የመደቡ ጭድ ላይ ወድቋል። ጭዱ መያያዝ ጀምሯል። ያ ሁሉ የሣር ክዳን ከላይ አለ።

የውብዳር አላመነታችም። የእንስራውን ውኃ እስከ ጠብታው አፈሰሰችበት። እሳቱ ጠፋ። ከዚያም አማቷን ደግፋ ወደ ደጅ ልታወጣቸው ስትል እመት ሽታዬ ቆሙና ወደ መሬት አዩ። ከምሰሶው ሥር አውራ ጣት የምታህል፣ ጠጉር የሌላት፣ ሐምራዊ ነገር ትንፈራገጣለች። እጃቸውን ሰደዱ።

«በእጅዎ አይንኩት፣ የወፍ ልጅ ትንሽም ቢሆን ይነክሳል» አለች የውብዳር።

ግማሽ ቅል አመጣችና ደፋችበት። ቁራጭ ቆዳ በሥሩ አንሸራተተች። እንዲያ አድርጋ አወጣችው፣ አማቷም ተከትለዋት ወጡ። መሰላሉን አምጥታ ከጓሮ በኩል አስደግፋ ወጣችና ከቀዳዳዋ አጠገብ፣ ግድግዳው አናት ላይ፣ ሻካራ ጨርቅ አንጥፋ እዚያ አስቀመጠችው። ወርዳም ከአማቷ ጎን ቆመች።

ጀምበር ጠለቀች። ወፎቹ ከቤቱ ወጥተው ክዳኑን ይዞራሉ። አንዷ መጥታ አለፈች። ሌላዋ መጥታ አለፈች። ጨርቁ ላይ ያለው ልጅ ያለማቋረጥ ይጮኻል። ከዚያም አንዷ አለፈችና ተመለሰች። እንደገና አለፈችና ተመለሰች። ጨርቁ ላይ ዐረፈች። ልጁ ሆዷ ሥር ገብቶ ተጣበቀባት፣ እሷም ክብደቱ እያንገዳገዳት ተነሥታ ይዛው ገባች።

እመት ሽታዬ ስድስት ወልደው የቀረላቸው ቢተው ብቻ ነበር። ከበርበሬው ጭስ የተነሣ እንባቸው እንደ ጎርፍ ይወርዳል። ከጭሱ ብቻ ይሁን አይሁን እንጃ።  ኋላም፦

«ከዚያ ሁሉ ጩኸት መካከል የራሷን ለየችው» አሉ።

«ይለያሉ፣ እሜቴ።»

«ስንት ጊዜ ነው ያልሽው?»

«አንድ ወር።»

«ይሁን» አሉና ገቡ።

በማግሥቱ እመት ሽታዬ ነጠላቸውን አጣፍተው ጎረቤታቸው እመት ድንቄ ዘንድ ሄዱ። በዕድሜያቸው ሰው ደጅ ለልመና ቆመው አያውቁም። እመት ድንቄ ደግሞ አፏ የሚያርፍ ሴት አልነበረችም። እመት ሽታዬም፦

«ድንቄ፣ ተራ እንለዋወጥ። ሰኔን አንቺ ያዢልኝ፣ ሐምሌን እኔ ልያዝ» አሉ።

«ምነው ሽታዬ፣ ድግስ ከበደሽ?»

«አልከበደኝም። ቤቴ አራስ አለ።»

እመት ድንቄ በጣቶቿ መቁጠር ጀመረች። ጥር፣ የካቲት፣ መጋቢት እያለች ግንቦት ላይ ስትደርስ ዓይኗ ፈጠጠ።

«ምራትሽ በጥር ተድራ በግንቦት ወለደች?»

«እሷ አይደለችም። ሥልሳ ሦስት አራስ ነው ያለኝ፣ ሁሉም ከጣራ ሥር» አሉ እመት ሽታዬ። እመት ድንቄ ግራ ገብቷት ተራውን ለወጠች።

ያን ወር የውብዳርና አማቷ የዱቄቱን ዕቃ በሰፌድ እየከደኑ፣ ከቀዳዳዋ ትይዩ ጭድ እያነጠፉ ኖሩ። ሲጠርጉም አቧራው እንዳይነሣ መጀመሪያ ውኃ ይረጩበታል። ማታ ማታ ሁለቱም ጓሮ ይቀመጣሉ። ሰኔ ሲጋመስ ትንንሾቹ ከእናቶቻቸው ጋር መውጣት ጀመሩ። እንደ ሰካራም ይንገዳገዳሉ። ከዚያም ቀጥ ብለው በረሩ። አንድ ማታ የውብዳር ጠጠሩን ብትቆጥር ከመቶ አለፈ። ሁሉም ሲወጡ ጆሮዋን ግድግዳው ላይ አደረገች። ጸጥ ያለ ነው። በማግሥቱም ጸጥ ያለ ነው።

«አሁን ነው» አለች።

በመጀመሪያ ለአባቷ ላከችና ለወፎቹ ማደሪያ የሚሆን አንድ ያረጀ ቀፎ አስመጣች። ቢተውም ከቤቱ ማዶ ያለው ሾላ ላይ አፉን ወደ ታች አድርጎ ሰቀለው። ከዚያም ባልና ሚስት ቤቱን ዞሩት። ከክፈፉ ሥር ያለውን ስንጥቅ ሁሉ፣ ጣት የሚያስገባውን ሁሉ፣ በጭድ በተቦካ ጭቃ ደፈኑ። ዋናዋን በር ብቻ ተዉአት። የውብዳር በዚያች ላይ የምታንጠለጥለው ጨርቅ ስትፈልግ እመት ሽታዬ ከሣጥናቸው አንድ የራሳቸውን አሮጌ ነጠላ አወጡና ሰጧት። እሷም ከቀዳዳዋ በላይና ግራና ቀኙን በእሾህ ወጠረችው። ታችኛውን ጫፍ ግን ክንድ ያህል አስረዝማ ለቀቀችው።

«ታቹን ለምን ከፈትሽው?» አለ ቢተው።

«የሚወጣው በግድግዳው ወደ ታች ተንሸራቶ ይወጣል። የሚመለሰው ግን ቀጥ ብሎ ወደ ቀዳዳው ነው የሚመጣ፣ ጨርቁ ይመልሰዋል። መውጫ ነው እንጂ መግቢያ አይደለም። አምስት ማታ እንጠብቅ።»

እንደተናገረችውም ሆነ። ሲመሽ ከነጠላው ሥር አንድ በአንድ እየተንሸራተቱ ወጡ። ጎሕ ሲቀድ ተመልሰው ጨርቁን እየዳሰሱ ዞሩና ዞሩና ሄዱ። ገሚሱ ቀፎው ውስጥ ገባ። ገሚሱ ወደ ገደሉ ዋሻ ወረደ።

በሁለተኛው ቀን ደመናው ከበደ። ቢተውም፦ «ዝናቡ ሳይመጣ ዛሬ እንድፈነው፣ ኋላ ጭቃው አይደርቅልንም» አለ።

የውብዳር አፏን ከመክፈቷ በፊት እመት ሽታዬ መለሱለት፦

«ምራቴ አምስት ማታ ብላለች። አምስት ነው።»

በሦስተኛው ማታ ሦስት ወጡ። በአራተኛው አንድ ወጣ። ሌሊቱንም ዘነበ። በአምስተኛው ማታ ማንም አልወጣም። እመት ሽታዬ ራሳቸው ጆሯቸውን ግድግዳው ላይ አደረጉ። ትንፋሻቸውን ዋጥ አድርገው አዳመጡና ራሳቸውን ነቀነቁ። ጭቃው በእርጥቡ አየር እንቢ ስላለ የውብዳር ከደረቅ ሣር ጠንካራ ውታፍ ጎነጎነች። ቢተው በመዶሻ መትቶ አስገባው። ነጠላውም ወረደ።

ሐምሌ ሚካኤል ደረሰና ማኅበርተኛው በትልቁ ቤት ተቀመጠ። ተበላ፣ ተጠጣ። እስኪመሽ ማንም ወደ ላይ ቀና ብሎ አላየም።

ዓመት ዞረ። ወሬው ከመንደር መንደር ሄዶ ነበርና በግንቦት መኳንንት የሚባል ሰው የሌሊት ወፍ ቤቱ ገብቶበት ከወንዝ ማዶ መጥቶ ጠራቸው። የውብዳር ያን ጊዜ ሆዷ ገፍቶ ነበር፣ እመት ሽታዬ አብረዋት ሄዱ። ሲደርሱ ሰውዬው መሰላሉን ተሸክሞ፣ ጭቃውን አቡክቶ ቆሟል። እመት ሽታዬም፦

«ልጆቻቸው በርረዋል?» አሉት።

«እኔ ምን አውቄ፣ እመት።»

«እንግዲያ ምኑን አውቀህ መሰላል ትሸከማለህ? አውርደው። በርጩማ አምጣና ተቀመጥ።»

መኳንንት መሰላሉን አወረደ። ሦስት በርጩማ አመጣ። ከጓሮው ተቀመጡ። እመት ሽታዬ ከመሬት እፍኝ ጠጠር ለቀም ለቀም አደረጉና ገሚሱን ለየውብዳር ሰጡ፣ ገሚሱን ጭናቸው ላይ አደረጉ። ጀምበር ልትጠልቅ ጥቂት ቀርቷታል። ማንም አልቸኮለም።

ተረቴ አለቀ፣ አፌም ደረቀ፤ ዳቦ ያለው ሰው ምነው ደበቀ?