በቀትር የቀዘቀዘ እጅ

አንድ የነርስነት ተማሪ አረጋዊ መምህሩን፣ «መምህር፣ የታይሮይድ ዕጢ እንዲህ ትንሽ ሆና ሳለ ስለ ምን ይህን ያህል ያስጠኑናል?» ብሎ ጠየቃቸው። እሳቸውም እንዲህ አሉት፦

አንድ ገበሬ ነበረ። ሚስቱ ደብሪቱ ቀልጣፋ ሴት ነበረች። ሁለተኛ ልጇን ከወለደች በኋላ ግን ሌላ ሰው ሆነች። ሳትበላ ትወፍራለች፤ በተቀመጠችበት ታንቀላፋለች፤ የተነገራትን ትረሳለች። ድምፅዋም ጎረነነ። ባሏ መጀመሪያ መከራት፣ ኋላም ተቆጣት። ጎረቤቱ ሁሉ ስንፍና ነው አለ። በመጨረሻ ባልየው ትዳሩን ለማፍረስ ሽማግሌ ሰበሰበ።

ሽማግሌዎቹ ዋርካ ሥር ተቀምጠው ጠየቋት። «ልሥራ ብዬ እነሣለሁ፤ ጉልበቱን አጣዋለሁ» አለች።

ቀትር ነበር፤ ፀሐዩ ያቃጥላል። እሷ ግን ጋቢ ተከናንባ ትንቀጠቀጣለች። ባልየው ይህን አይቶ ተነሣና እጇን ያዘ። እጇ እንደ ምንጭ ውሃ ቀዝቅዟል።

«አባቶቼ፣ ፍርዱ ይቆይ» አለ። «ይህች ሴት ታማለች። ያላየሁት እኔ ነኝ።»

በቅሎ ላይ አስቀምጦ ከተማ ወዳለው ሐኪም ቤት ወሰዳት። ሐኪሟ አንገቷን ዳሰሰች፤ ደሟንም አስመረመረች። ከዚያም አስረዳቻቸው፤ ከማንቁርት በታች፣ የአየር ቧንቧን ከፊት ያቀፈች፣ ቢራቢሮ የመሰለች ዕጢ አለች። ከምግብ በሚገኘው አዮዲን ሆርሞን ትሠራለች፤ ደምም ለመላ አካል ያደርሰዋል። ሆርሞኑ ሲያንስ የልብ ምት ይዘገያል፣ ገላ ይቀዘቅዛል፣ አእምሮ ይደክማል። የጎደለውን የሚተካ ክኒን ጠዋት ጠዋት በባዶ ሆድ እንድትውጥ አዘዘችላት።

ክረምቱ አልፎ አዝመራው ሲደርስ ገበሬው ደቦ ጠራ። ሽማግሌዎቹም መጡ። ደብሪቱ ለዚያ ሁሉ አጫጅ የሚበቃ ምሳ አዘጋጅታ፣ መሶቡን ራሷ ተሸክማ ማሳው ድረስ ወጣች። ከፊታቸው አስቀምጣ ቀና አለች።

«አባቶቼ፣ ያቆያችሁት ፍርድ ካለ ዛሬ ስጡኝ» አለች፤ ድምፅዋ ጠርቶ።

ትልቁ ሽማግሌ ከመቀመጫቸው ተነሡ። «ልጄ፣ የተፈረደውስ በእኛ ላይ ነው» ብለው መረቋት። አጫጁ ሁሉ እልል አለ፤ ባሏም ማጭዱን ጥሎ ዕንባውን በእጅጌው ጠረገ።

መምህሩ ይህን ተናግረው ወደ ተማሪው ዞሩ። «አንተንም እንዲህ ያለ ነገር ይገጥምሃል፤ ነገ ሰነፍ የተባለ ሰው አምጥተው ፊትህ ያስቀምጡልሃል። ያን ጊዜ ከፈራጆቹ ጋር አትቀመጥ፤ እንደዚያ ባል ተነሥተህ እጁን ያዝ፤ አንገቱንም ዳስስ። ትንሿን ዕጢ የምናስጠናህ ትልቁን ሰው እንዳትበድል ነው።»