በር ያለው ገንዳ

በአንድ ወቅት፣ ኧረ ሩቅም አይደል፣ ደሴ ውስጥ እትዬ አስካለ የሚባሉ ባልቴት ነበሩ። ባለቤታቸው የሕንፃ ንድፍ ሠሪ ነበሩ፤ ሲያርፉ ትተው የሄዱት ሦስት ልጆችና አንድ ትልቅ የዝግባ መንደፊያ ጠረጴዛ ነው። ሦስቱም ልጆች የአባታቸውን ሙያ ያዙ። ፊደል የቆጠሩት እዚያ ጠረጴዛ ሥር ነውና ሦስቱም ይመኙታል፤ አፍ አውጥቶ የጠየቀ ግን የለም።

አንድ ቀን እትዬ አስካለ መታጠቢያ ቤት ውስጥ አዳልጧቸው ወደቁ። ዳሌያቸው ተጎዳ፤ ከዚያ ወዲያ ገላቸውን ሰው ያጥባቸው ጀመር። እሳቸው ደግሞ ልጃቸው ፊት እንኳ ነጠላ ሳይደርቡ የማይቀመጡ ዓይን አፋር ናቸው! በታጠቡ ቁጥር ያለቅሱ ነበር። በመጨረሻ ልጆቻቸውን ሰብስበው፣ «ብቻዬን እንድታጠብ ያደረገኝ ልጄ የአባቱን ጠረጴዛ ይውሰድ» አሉ።

ልጆቹ እናታቸው ተቀምጠው የሚታጠቡበት፣ ወገባቸውን የሚደግፍ ገንዳ በፋይበር ግላስ ሊያሠሩላቸው ተስማሙ። ገንዳ ሠሪው ባለሙያ ግን ንድፍ ካላመጣችሁ አልነካም አለ።

ታላቅየው ምንተስኖት ሳጥን ሙሉ እርጥብ አሸዋ አመጣ። ላስቲክ አለበሰውና፣ «እማዬ፣ እስቲ ደገፍ በይበት» አለ። ከነልብሳቸው ተደገፉ። አሸዋው ቅርጻቸውን ያዘ፤ የታመመው ዳሌ ከደህናው በሁለት ጣት ዝቅ ብሎ ተገኘ። ምንተስኖትም በየአራት ጣቱ እንጨት እየሰካ ጥልቀቱን ለካ።

እህቱ ፍሬሕይወት ልኩን ይዛ ኮምፒውተሯ ፊት ተቀመጠች። የሕንፃ መንደፊያ ሶፍትዌር ጠባዩ ይታወቃል፦ ግድግዳ ሲሉት ያቆማል፣ ጣሪያ ሲሉት ይከድናል፣ ጎባጣ ነገር ሲሉት ያኮርፋል። ገንዳው እንደ ተፈነከተ ቅል ማዕዘን ማዕዘን እየሆነ አስቸገራት። አሥራ አንድ ጊዜ ሠርታ አሥራ አንድ ጊዜ ደመሰሰች። በመጨረሻ የትከሻውን፣ የወገቡንና የእግሩን መስመር ለየብቻ ስላ፣ ሦስቱን አንድ ወጥ ሽፋን አለበሰቻቸው። አቤት ማማሩ! አንዲት ስንጥቅ የሌለው፣ ልስልስ ያለ ገንዳ ወጣ።

የመጨረሻው ልጅ ናሆም ንድፉን ትክ ብሎ አየው። ወደ እናቱ ሄዶ፣ «እማዬ፣ እስቲ እግርሽን አንሺልኝ» አላቸው። አንድ ስንዝር እንኳ አልተነሳላቸውም። የገንዳው ከንፈር ደግሞ ሦስት ስንዝር ነው! ታላላቆቹ ስለ እናታቸው ጀርባ ሲጨነቁ እሳቸው እንዴት እንደሚገቡ ረስተውት ኖሯል። ናሆም እህቱን ሳያስፈቅድ ንድፏን ከፈተ፤ ያን የለፋችበትን ጎን ቀደደና በር አስገባበት። ሶፍትዌሩ በር የሚያውቀው ግድግዳ ላይ ነው፤ እሱ ግን እየጎተተ አጎበጠው፤ ውሃ እንዳያሳልፍም እንደ ፍሪጅ በር ዙሪያውን ላስቲክ አደረገለት።

«ምነው ናሆም! ገንዳ በር አለው እንዴ?» ብላ ጮኸች ፍሬሕይወት።

«እማዬ ካልገባችበት ለማን ነው ታዲያ?» አላት።

ሦስት ቀን አኮረፈችው። በአራተኛው ቀን የበሩን ጠርዝ ራሷ አስተካከለችለት።

ገንዳው ተሠርቶ ገባ። እትዬ አስካለ የመታጠቢያ ቤቱን በር ከውስጥ ቀረቀሩ፤ ሦስቱ ልጆች ውጭ ቆሙ። በገንዳው በር ገብተው ዘጉት፤ ተቀምጠውም ውሃውን ከፈቱ። ውሃው እስከ ትከሻቸው ወጣ፤ ያ የታመመ ዳሌ ማረፊያውን አገኘ። ከወደቁ ወዲህ እንዲህ ብቻቸውን ሲሆኑ የመጀመሪያቸው ነው። ደስታው እንባ አመጣባቸው።

«እማዬ፣ ደህና ነሽ?» አለ ምንተስኖት ከውጭ።

«ተዉኝ እስቲ! የት እሄድባችኋለሁ?» አሉ እየሳቁ።

ወዲያው ጠረጴዛው ትዝ አላቸውና ሳቃቸው ቀጥ አለ። ያለ ምንተስኖት ልኬት ይህ ዳሌ የት ያርፍ ነበር? ያለ ፍሬሕይወት ልፋት ልኬቱ ወረቀት ላይ ይቀር ነበር። ያለ ናሆም ደግሞ ያ ያማረ ገንዳ ባዶውን ይቀመጥ ነበር። «የተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ» ይባላል፤ እሳቸው ግን ቃላቸውም እንዲጠፋ አይፈልጉም፣ ከወለዷቸውም አንዱ እንዲከፋ አንጀታቸው አይችልም። ጠረጴዛ በመጋዝ አይካፈሉት ነገር!

ውሃው መቀዝቀዝ ጀምሯል፤ ልጆቹም በር ላይ ናቸው። እስቲ እናንተው ፍረዱ፦ እትዬ አስካለ ሲወጡ የማንን ስም ይጥሩ?