ለቁንጫ የተጠራ አፈርሳታ

በአንዲት ትንሽ ከተማ ምላሰ ስለታም፣ ስመ ጥር የአልጋ ቤት ባለቤት ነበረች። የወረዳው ገዢ ፊታውራሪ ጓንጉል እሷ ቤት አድረው ቁንጫ ነከሳቸው። ሰውየው ምን ቢያደርጉ ጥሩ ነው? ከብት እንደተሰረቀ ሁሉ አፈርሳታ ጠሩ! ከተሜውን በሙሉ ሜዳ ላይ አስቀምጠው፣

«ጥፋተኛው ቁንጫ ሳይወጣ ማንም ወደ ቤቱ አይሄድም! ካልተገኘ፣ አንቺ ሴትዮ፣ አልጋ ቤትሽ ይታሸጋል!» አሉ።

እሷም ነጠላዋን አስተካክላ ተነሣች።

«ጌታዬ፣ አፈርሳታ ላይ ተጠርጣሪ ሁሉ መቀመጥ አለበት አይደል?»

«እንዴታ! አንድም አይቀርም!»

«እንግዲያው ቁንጫው ከሱሪዎ አልወረደም፤ ይኸው እስካሁን እያከኩ ነው። ሱሪዎን ያውልቁትና ከእኛ ጋር ይቀመጥ። እርስዎ ግን ንጹሕ ነዎት፤ መሄድ ይችላሉ።»

ፊታውራሪ ሱሪያቸውን በሁለት እጃቸው ጨብጠው አፈርሳታውን በተኑ።