የቀረችው መቀነት

«አንድ ዘይት ጨማቂ ነበረ» አለ መምህሩ ወንበር ስቦ እየተቀመጠ።

ትርሲት የጠየቀችው ስለ ዘይት አልነበረም። በሊኑክስ ኮምፒውተር ላይ የሠራችው ፕሮግራም ሥራውን ለሁለት ይከፍላል፤ አንዱ የተማሪዎችን ስም «ቧንቧ» በሚባለው የመረጃ መተላለፊያ ይልካል፣ ሌላው ሁሉንም ተቀብሎ በፊደል ተራ ይደረድራል። ላኪው ጨርሶ ወጥቷል፤ ደርዳሪው ግን ፈዞ ቀርቷል። የመመረቂያ ሥራዋን የምታቀርበው ነገ ነው። «ይሄን ሰነፍ ልግደለው እንዴ፣ መምህር?» ነበር ያለችው።

ጨማቂው የአንድ ባለጸጋ ሠራተኛ ነበረ። በዚያ ቤት ኑግ የሚወቀጠው ፎቅ ላይ ሲሆን፣ የተወቀጠው በእንጨት አሸንዳ ወደ ምድር ቤት ይወርዳል። ጌታው ጠዋት ጠዋት ለሁሉም አንድ ዓይነት መቀነት ያድላል። ኑግ የሚያፈስ ሁሉ መቀነቱን ከአሸንዳው አፍ አስሮ ጫፉን ወደ ታች ይለቀዋል፤ ሲጨርስ ፈትቶ ይሄዳል። አንዲት ጫፍ እስከታየች ድረስ ጨማቂው መጭመቂያውን አያጠብቅም፤ አንዴ ከጠበቀ፣ ኋላ ለሚመጣ ኑግ ቦታ የለውምና።

አንድ ቀን አሸንዳው ደረቀ። የሙቀጫው ድምፅም ጠፋ። አንዲት መቀነት ግን እንደተንጠለጠለች ቀረች። ጨማቂው ጠበቀ። በመጨረሻ ጌታው ገባ።

«እንደ ጅብራ ተገትረህ ዘይቱ በጸሎት ሊወርድልህ ነው? ውጣልኝ ከቤቴ!»

«እወጣለሁ ጌታዬ። ግን በማን ምክንያት እንደምባረር ልወቅ። እስቲ አብረን ወደ ላይ እንውጣ።»

ወጡ። ፎቁ ላይ ማንም የለም። ጨማቂው ቋጠሮውን ሲያይ ሳቁ አመለጠው፤ የገዛ እጁ ቋጠሮ ነበረ። ጠዋት ከወቃጮቹ ጋር ሳለ አስሯት፣ ጌታው «አንተ ውረድና ጭመቅ» ሲለው እዚያው ረስቷት ወርዶ ኖሯል። ሲጠብቅ የዋለው ራሱን ነው። ፈታት፤ ወርዶ መጭመቂያውን አጠበቀ፤ ዘይቱ መንጠባጠብ ጀመረ። ጌታው ይቅርታ አልጠየቀም፤ እንዲህ ያለ ሰው አይጠይቅም። ጨማቂው ግን በሥራው ጸና።

«ደርዳሪሽ ይኸው ጨማቂ ነው» አለ መምህሩ ወደ ትርሲት ዞሮ። «ከወላጁ ፕሮግራም ሲወለድ የቧንቧውን ሁለቱንም አፎች ወርሷል፤ መቀበያውንም መላኪያውንም። ላኪው የራሱን ዘግቶ ሄደ። የዚህኛው መላኪያ ግን እስካሁን ክፍት ነው፤ እሱ ካልተዘጋ ደግሞ ‹አለቀ› የሚለው የለም። አትግደዪው። ሲወለድ መላኪያውን እንዲዘጋ እዘዢው።»

ትርሲት አንድ መስመር ጨመረች። ስሞቹ ከ«ሀ» ጀምረው ወረዱ።

«ወረደ ዘይቱ!» አለች እየሳቀች።

«ነገ አለቃ ስትሆኚም አስቢው፤ የቆመ ሰው ብታዪ፣ ሰነፍ ከማለትሽ በፊት አብረሽው ፎቅ ውጪ።»