የሹሩባ ሠሪዋ ጣቶች

መጋቢት 9 ቀን 2004 ዓ.ም.፣ ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ፣ ባለቤቴ የሺሐረግ የበራችንን ቁልፍ ማዞር አቃታት። ሰዓቱን የማልረሳው ሥራ ይረፍድብኛል ብዬ ስለተቆጣኋት ነው። ደሴ ውስጥ፣ በእኛ ሰፈር፣ ሰው «ደህና ነኝ» ብሎ ቶሎ ሲመልስ ጠያቂው አፉን ትቶ እጁን ያያል፤ ከዚያ አንዲት አባባል ጣል ያደርጋል። አባባሏን ሁሉም ያውቃታል። ከማን ቤት እንደወጣች የሚያውቀው ግን ጥቂት ነው። የወጣችው ከእኔ ቤት ነው።

የሺሐረግ ሹሩባ ሠሪ ነበረች። እስከዚያ ቀን ድረስ ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ የሰፈሩ ሴት እግሯ ሥር እየተቀመጠች ጭንቅላቷን ስትሰጣት ኖራለች። ጭንቅላቱን የሰጠ ሰው ምስጢሩንም ይሰጣል፤ እሷ እየሠራች ትሰማ ነበር። የማንን ባል ጠባይ፣ የማንን አማት ክፋት እንደማታውቅ እግዜር ነው የሚያውቀው። አንድም ቀን ለእኔ አልነገረችኝም።

ያን ሰሞን ጣቶቿ ጠዋት ጠዋት አልታጠፍ ይሏት ጀመር። ሚዶው ከእጇ ይወድቃል። አራት ሰዓት ገደማ ሲሆን ቀስ እያሉ ይፈታሉ። የጠዋት ደንበኞቿ አንድ በአንድ ወደ ሌላ ሹሩባ ሠሪ ሄዱ። ከፋሲካ በኋላ ደግሞ የጎረቤታችን የእትዬ ከድጃ የልጅ ልጅ ሠርግ ነበር። የሺሐረግ የሙሽሪትን እናት ለሠርጓ የሠራች ናት፤ ልጅቷንም እሠራለሁ ብላ ቃል ሰጥታ ነበር።

ሐኪም ቤት ወሰድኳት። እንደ ወጉ ገላዋን ታጠበች፣ ነጭ ነጠላዋን ለበሰች፣ ተቀባባች። ወረፋ ጠብቀን ስንገባ አምስት ሰዓት ሆኗል።

«እንዴት ነዎት?» አለ ሐኪሙ እየጻፈ።

«እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ። እርስዎስ? ቤተሰብ ሁሉ ደህና?»

«ደህና ነን። እጅዎን ይጨብጡ።»

ጨበጠች። ደም ሰጠች፣ ራጅ ተነሳች። ውጤቱ ሲመጣ ሐኪሙ፣ «ከሁሉም ነፃ ነዎት» አላት። አንድም ነገር ሳትከሰስ ነፃ ወጣች። ሁለተኛው ሐኪም ብርድ ነው ብሎ ቅባት አዘዘ። ሦስተኛው ሐሳብ ቀንሺ አላት። ሦስቱም «እንዴት ነዎት?» ብለው ጀመሩ፣ ለሦስቱም «ደህና ነኝ» አለቻቸው። ሐኪም ቢሆንም ሰላምታ ሰላምታ ነው፤ ገና ከበር በሽታ ይዘረገፋል እንዴ?

እኔ መዝገብ ቤት ሠራተኛ ነበርኩ። ወረቀቶቹን በቀን ተራ ሰማያዊ ፋይል ውስጥ አሰርኳቸው። የሚያምር ፋይል ሆነ። አንድ ማታ ገልጬ አሳየኋት።

«ሦስት ሐኪም ደህና ነሽ ሲልሽ፣ አንቺ ምን ቤት ነሽ?»

«እንግዲያው አንዱን ሐኪም አምጣና እዚህ አሳድረው» አለችኝ። «ጠዋት ቁልፉን ስጠኝና ይየኝ። ካልሆነ ፋይልህ ይክፈት በሩን።»

ሳቅሁባት። እውነቱን ለመናገር ሥራ የሰለቻት መስሎኝ ነበር።

አንድ ሐሙስ እትዬ ከድጃ የሠርጉን ነገር ልትነጋገር በማለዳ መጣች። የሺሐረግ ሚዶውን በሁለት መዳፏ ጨብጣ የገዛ ጸጉሯን ለማበጠር ስትታገል አገኘቻት።  ሚዶውን ተቀብላ አበጠረችላት። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች።

«አንተ ጌጡ፣ ይህን ታያለህ?»

«ምርመራው ነፃ ነው እኮ እትዬ።»

«ነፃ ከሆነ ምርመራው ይሥራው የልጅ ልጄን ጸጉር» አለች። «ተነሱ። አንዲት አዲስ ሐኪም መጥታለች ይላሉ፤ ሰው ሲያወራ ብዕር የማታነሳ።»

ሦስታችንም ሄድን። ስንገባ አምስት ሰዓት ተኩል ነበር። ዶክተር ሰብለ ወጣት ናት።

«እንዴት ነዎት እናቴ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ። እርስዎስ?»

እትዬ ከድጃ በክርኗ ጎሸመቻት። ሐኪሟ ፈገግ አለች።

«እኔም ደህና ነኝ፣ ልጆቼም ደህና ናቸው። ሰላምታችንን ጨረስን። አሁን ሕመምዎን ይንገሩኝ።»

የሺሐረግ ወደ እኔ አየች። ፋይሌን ከፈትኩ። «ዶክተር፣ ሁሉም በቀን ተራ ነው።»

«አየዋለሁ። መጀመሪያ እሳቸውን ልስማ።»

ሐኪሟ ፋይሉን ሳትነካ ጠበቀች።  ከዚያ የሺሐረግ ተናገረች፤ የቁልፉን፣ የሚዶውን፣ የሄዱትን ደንበኞች፣ የሙሽሪትን። አሥራ አራት ዓመት አብሬያት ኖሬ እንደዚያ ስትናገር ሰምቼ አላውቅም። ጠይቄያትም አላውቅም።

«በስንት ሰዓት ይፈታሉ ጣቶችዎ?»

«ወደ አራት ሰዓት።»

«እዚህ የገቡት ደግሞ አምስት ሰዓት ተኩል። እንግዲህ ሁልጊዜ በሽታውን ቤት ትተው ነው የሚመጡት። ነገ አንድ ሰዓት ላይ ይምጡ። ገላዎን ሳይታጠቡ፣ ሚዶዎን ይዘው።»

በማግስቱ አንዲት ነርስ ዱካ ላይ ተቀመጠች፣ የሺሐረግ ከኋላዋ ቆመች። አንድ ጎንጉን ጀመረች። ሚዶው ወደቀ። አነሳችው፤ እንደገና ወደቀ። ሐኪሟ አላስቆመቻትም። ዝቅ ብላ ያበጡትን አንጓዎች አንድ በአንድ እየነካች አየች። ያን ጊዜ ነው ማበጣቸውን እኔም ያየሁት።

«ደሙ ላይ አለመታየቱ በሽታው የለም ማለት አይደለም» አለች። «ስሙን ዛሬ በእርግጠኝነት አልነግርዎትም። ግን መታመምዎን አምናለሁ። መድኃኒት እንጀምራለን፣ በየወሩ አይዎታለሁ።»

የሺሐረግ ነጠላዋን ፊቷ ላይ አድርጋ አለቀሰች። እኔ ፋይሌን ብብቴ ሥር አደረግሁ።

ሠርጉ ሲደርስ ጣቶቿ ገና አልዳኑም ነበር። እትዬ ከድጃ ግን የሙሽሪት ሹሩባ ከስድስት ሰዓት በኋላ እንዲሆን አዘዘች። ሚዜዎቹ አጉረመረሙ፤ ሹሩባው ግን ተሠራ። ከወራት በኋላ ጠዋት በሩን ራሷ ከፈተችው። ከዚያ ስድስት ዓመት ሠራች።

የሞተችው ነሐሴ 2010 ነው፤ በልብ፣ በድንገት። በሦስተኛው ቀን ድንኳኑ ውስጥ እሷ የጎነጎነቻቸው ሴቶች ሹሩባቸውን ለሐዘኗ ፈትተው ተቀምጠው ነበር። እትዬ ከድጃ በምርኩዝ መጥታ አጠገቤ ቆመች።

«እንዴት ነህ ጌጡዬ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ እትዬ።»

ከማለዳ ጀምሮ የኮቴን ቁልፍ ለመቆለፍ ስሞክር ነበር፤ ያኔም እየሞከርኩ ነበር። እትዬ ከድጃ ምርኩዟን ለአንዷ ሰጥታ፣ እጄን ቀስ ብላ አነሳችና ሦስቱንም ቁልፍ ራሷ ቆለፈችልኝ፤ ከዚያ ወደ ሴቶቹ ዞራ፣ «አፍ ደህና አለ፣ ጣት ግን አልሰማም» አለች።