የግራዝማች አጥናፉ ፒካፕ

ግራዝማች አጥናፉ አሮጌ የናፍጣ ፒካፕ ነበረቻቸው። ተከራዮቻቸው በየማለዳው ገፍተው ካላስነሷት ከግቢ አትወጣም። አንድ ጊዜ ጋራዥ አስገብተው ሞተሯን አሳደሱ፣ ቱርቦ አስገጠሙላት፣ ጎማዋን በሰፋፊ አስቀየሩ። ከዚያ ተከራዮቹን ሰብስበው፣

«ከእንግዲህ ዳገት አይበግራትም! አሁንም አሮጌ ዕቃ አለባት የሚል ካለ ያሳየኝ፤ ማሳየት ያቃተው ግን ቤቴን ይለቃል!» አሉ።

ግራዝማች ኮራ ብለው ቁልፉን ቢያዞሩት ፒካፗን ሳል ሳል አላትና ጸጥ አለች።

«ምን ቆማችሁ ታያላችሁ? ግፉ እንጂ!»

አንድ ምላሰኛ ተከራይ ትከሻውን ከኋላዋ አስደግፎ፣ «ጌታዬ፣ አሮጌው ዕቃ ተገኘ» አለ።

«የታለ?»

«ማስነሻዋ ነዋ! ሌላውን ሁሉ ሲያስቀይሩ እኛን ረሱን።»